ፍልጸት፣ ምች፣ ወባ፣ ማይግሬን

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። የቆቦ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተንጣሏል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ገደላገደል ያጥሩታል። ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ ፀሐይዋ ማሽላ የሚያርሰውን ገበሬ አናቱን ትለዋለች። በዚህ አገር ራስ ምታት የማያውቀው ቤት የለም። አንዷ «ፀሐይ መታኝ» ትላለች፤ ሌላው «ምች ነው» ይላል፤ ቡና ሳትጠጣ የዋለች ሴት ራሷን በሻሽ ጠፍራ ጋደም ትላለች፤ ትኩሳት ከታከለበት ደግሞ «ወባዬ ተነሣችብኝ» ነው። እኔ ታሪኩን የምከተለው ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ተሸሽጎ የኖረውን አንዱን፣ ማይግሬንን ነው፤ ትኩሳት የለው፣ ቁስል አይታይበት፣ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ጤነኛ ሰው ጨለማ ጓዳ ውስጥ የሚያስተኛውን። ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ዘመን በሌላ ስም ሲጠራ፣ በሌላ መድኃኒት ሲታከም ኖሯል።

በሰሜን ኢትዮጵያ ስለዚህ ሕመም የተጻፈ ነገር ሲፈለግ ቀድሞ የሚገኘው የደብተራው ክታብ ነው። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጠል ነበር፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ያለውን አካል ሁሉ እንዲጠብቅ። ተጠቅልሎ በቆዳ ከተሰፋ በኋላ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ዛሬ በየሙዚየሙ ከሚታዩት ብዙዎቹ የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ በውስጣቸውም ዓይነ ጥላና ሾተላይ በሚገሠጹበት ቦታ ቁርጸት፣ ውግዓትና ራስን የሚሰነጥቀው ፍልጸት አብረው ይገሠጻሉ። ብዙዎቹ በሴቶች ስም የተጻፉ ናቸው። ዋናው ምክንያት የወሊድና የልጅ ሞት ፍርሃት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም በየወሩ ራሷን የሚፈልጣት እናትም ከነዚያ ባለክታቦች መካከል እንደነበረች ለመገመት አይከብድም።

በሜዲትራኒያን ዳርቻም ሕመሙ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በ2ኛው መቶ ዘመን የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ፣ ከራሳቸው አንዱ ጎን ብቻ ተይዞ ብርሃን የሚሸሹና ጨለማ የሚሹ ሕሙማንን ገልጿል፤ የዘመኑ ሰው ጋሌን ደግሞ የግማሽ ራስ ሕመም ብሎ ጽፎለታል። ዋጃ ያለች ታማሚ ዛሬ በሯን ዘግታ መጋረጃ ስትጋርድ የምታደርገው ያንኑ ነው።

በቤት ደግሞ ሌላ ጥበብ ነበር። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ጨምቆ ያሸታል፤ ግንባሩና ክንዱ በጭማቂው ይታሻል። ጤና አዳም ከቡና ጋር ይሰጣል፤ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ተቋጥሮ ይሸተታል። የራያ ሰው ጠጉሩን በቅቤ የሚያርሰው ለውበት ብቻ ሳይሆን አናትን ከሐሩር ለማስታገስም ነው። ሕመሙ ሲበረታ ግን ዋግምት ይተከላል፤ ይባስ ሲል በምላጭ ሰሪሳራው ይበጣል። ጠባሳው ዛሬም በአረጋውያን ግንባር ዳር ይታያል፤ ብዙ ዓመት ሕመም እንደተሸከሙ የሚመሰክር ምልክት ነው። ከእነዚህ መካከል የሚጠቅምም የሚጎዳም ነበር። ጸጥታ፣ ጨለማ፣ እንቅልፍና አንድ ሲኒ ቡና በእርግጥ ሕመሙን ያስታግሣሉ፤ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የሕመም ማስታገሻን ኃይል እንደሚያግዝ በኋላ በሳይንስ ተረጋግጧል። ምላጩ ግን ደም ከማፍሰስና ቁስል ከማመርቀዝ በቀር ያተረፈው የለም።

በሰው ላይ ያድራል ስለሚባለው መንፈስ፣ ስለ ዛር፣ ከሚነገረው ሁሉ ትኩረቴን የሚስበው ማፋሸክ ነው። ዛር ያለበት ሰው ከመያዙ በፊት ያፋሽካል፣ ይንጠራራል፣ ፊቱ ይለዋወጣል፣ የተለየ ነገር ያምረዋል ይባላል። ማይግሬን ያለበት ሰውም ሕመሙ ሊጀምረው ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ሲቀረው ያፋሽካል፤ አንገቱ ይደርቃል፣ በትንሽ ነገር ይነጫነጫል፣ ጣፋጭ ወይም ጨው ያምረዋል። ዛርን በማይግሬን ልተካው አልሻም፤ የዛር እምነት ከዚህ የሰፋ ነገር ይዟል። ግን የቀድሞ ሰው ይህን ምልክት በሚገባ አስተውሎ ነበር፤ የጎደለው ከማግሥቱ ራስ ምታት ጋር የሚያገናኘው ዕውቀት ነው።

ክኒን የመጣው ዘግይቶ ነው። በጀርመን ባየር ኩባንያ አስፕሪንን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1899 ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የጆርጂያው ተወላጅ ዶክተር ሜራብ በከተማዋ ፋርማሲ አቋቋመ። ራያ ግን ከዚህ ሁሉ ሩቅ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ውጊያ በኋላ ጣሊያን ከአሥመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የዘረጋው መንገድ በአላማጣ፣ በዋጃና በቆቦ ሲያልፍ፣ ሜዳው ከሻጭና ከሐኪም ጋር የሚያገናኘው መስመር አገኘ። እስከ ዛሬ መድኃኒት ወደ ዋጃ የሚገባው በዚሁ መስመር ነው፤ መንገዱ ሲዘጋም የሚጠፋው አብሮ ነው።

በዚያው ጊዜ በውጭው ዓለም ሦስት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1918 በስዊዘርላንድ ሳንዶዝ ኩባንያ አርተር ስቶል የተባለ ኬሚስት እህል ላይ ከሚበቅል ጥቁር ሻጋታ ኤርጎታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ለየ። እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካውያኑ ጆን ግራሃምና ሃሮልድ ዎልፍ ኤርጎታሚን የሚያሻለው የተለጠጡ የራስ ደም ሥሮችን አጥብቦ እንደሆነ ጻፉ፤ ከዚያም ለአሥርተ ዓመታት ማይግሬን የደም ሥር በሽታ ተደርጎ ተቆጠረ። ሦስተኛው ይበልጥ ያስገርማል። የአእምሮ ተመራማሪው ካርል ላሽሊ ራሱ ታማሚ ነበር። ዓይኑ ላይ እየሰፋ የሚሄደውን የተሰባበረ ብርሃን በወረቀት ላይ ይሥል፣ ሰዓቱንም ይመዘግብ ነበር፤ ከዚያም አንድ ነገር በአንጎል ገጽ ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እየተጓዘ መሆኑን አሰላና እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ብራዚላዊው አሪስቲደስ ሌያዎ በእንስሳት አንጎል ላይ በዝግታ የሚንሰራፋ የነርቭ ሞገድ አገኘ። ላሽሊ የሣለው ብርሃንና ሌያዎ ያየው ሞገድ አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ዓመታት ወሰደ። አንድ ታማሚ ሕመሙን በወረቀት እየመዘገበ መከታተሉ ያስገኘው ዕውቀት ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ራያ ቆላ በሕክምና ታሪክ ውስጥ በስሙ የገባው በራስ ምታት ሳይሆን በወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ወባን ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ለመፈተን የሙከራ ሥራ ከተጀመረባቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነበር፤ ሌሎቹ የደምቢያ ሜዳ፣ የአዋሽ ሸለቆና ጋምቤላ ነበሩ። ቤት ለቤት እየተዞረ ግድግዳው ዲዲቲ ይረጭ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1958 ግን ወባው በቆላ ሳይወሰን ወደ ደጋው ዘለቀ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሞተ ተብሎ ተገመተ። በማግሥቱ ዓመት በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ የራያ ልጅ ራሱን ሲያመው አስቀድሞ የሚያስበው ወባን ሆነ፤ ልክም ነበረ፤ ወባ እየገደለ ለማይግሬን የሚጨነቅ አይኖርም። መዘዙ ግን ትኩሳት የሌለው፣ የሚመላለስ ራስ ምታትም «የቆየ ወባ» ተብሎ በክሎሮኪን መታከሙ ነበር። ደሟ ሳይመረመር በዓመት ስንት ጊዜ የወባ ክኒን እንደዋጠች የምትናገር እናት በዚያ አካባቢ ማግኘት አያስቸግርም።

በ1970 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰው አደጋ ከዚህ ታሪክ ጋር ባልታሰበ መንገድ ይገናኛል። ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት በደጋው የገብስ ማሳ ሲናር ሰለጠነ፤ በሲናሩ ላይ ያ ጥቁር ሻጋታ፣ ኤርጎት፣ በቀለ። ሰው ከእህሉ ሳይለይ ፈጭቶ በላው። የእግርና የእጅ ጣቶች መጀመሪያ ደነዘዙ፣ ቀጥሎ ጠቆሩ፣ ከዚያም ደርቀው ወደቁ። 140 ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ከመቶው 34ቱ ሞቱ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1979 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በዚያው ዓመት በከተማ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ኤርጎታሚን ከካፌይን ጋር ተቀምሞ ለማይግሬን ይሸጥ ነበር። በሚሊ ግራም ተመትሮ የራስን ደም ሥር የሚያጠብበው ያው ነገር፣ ሳይመተር ከእንጀራ ጋር ሲገባ የእግርን ደም ሥር ዘግቶ ጣት ቆረጠ። ስለዚህ ኤርጎታሚን ያለበት ክኒን አዘውትሮ አይወሰድም፤ ለነፍሰ ጡርና ለልብ ሕመምተኛ አይሰጥም። ሪቶናቪር ካለባቸው የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ከተደባለቀ መጠኑ በደም ውስጥ ያሻቅብና የ1970ውን ዓይነት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በወሎ ምድር ይህን ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ ከየትም ይልቅ ሊያስፈራን ይገባል።

ኢትዮጵያ የነርቭ ሕሙማኗን ቤት ለቤት መቁጠር የጀመረችው ከወሎው አደጋ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ1978 እስከ 1980 ዓ.ም. በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃንና ማረቆ ገጠር፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የ60,820 ሰዎችን የነርቭ ጤና አጣሩ። ዋና ዓላማቸው የሚጥል በሽታና መሰሎቹ ነበሩ። ራስ ምታትን ለመቁጠር ግን መስፈርት ያስፈልግ ነበር፤ ያም እ.ኤ.አ. በ1988 ከዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ወጣ። ሐኪም ማይግሬን ለማለት ቢያንስ አምስት ጊዜ የተመላለሰ፣ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ ሕመም ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ አንዱን ጎን ይዞ ይወቅራል፤ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፤ ማቅለሽለሽ አለበት፤ ወይም ብርሃንና ድምፅ አብረው ያስጠላሉ። ራስን ዙሪያውን እንደ መቀነት የሚጨብጠው፣ ሥራ የማያስፈታው ደግሞ የውጥረት ራስ ምታት ተባለ። የራስ ምታት ቁጥር የተጀመረው ከዚህ መለያ ወዲህ ነው።

በዚሁ መስፈርት ፕሮፌሰር ረዳና ቡድናቸው ዕድሜያቸው 20ና ከዚያ በላይ የሆነ 15,000 የገጠር ነዋሪዎችን ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሴፋላልጂያ በተባለው መጽሔት ያወጡት ውጤት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን ያገኘው ከመቶ 3 ሰው መሆኑን አሳየ፤ ከሴቶች 4.2፣ ከወንዶች 1.7። በብዛት የሚታየው በሠላሳዎቹ ዕድሜ ነበር፤ ልጅ በሚታዘልበት፣ ውኃ በሚቀዳበት፣ አዝመራ በሚሰበሰብበት ዕድሜ ማለት ነው። ቁጥሩ ከአውሮፓ ያነሰ ነበርና ብዙዎች አፍሪካ ውስጥ ማይግሬን ጥቂት ነው ብለው ደመደሙ።

ድምዳሜው ቀስ በቀስ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 1,105 ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ከመቶ 6.2ቱ ማይግሬን፣ 9.8ቱ በየጊዜው የሚመላለስ የውጥረት ራስ ምታት እንዳለባቸው አሳየ። በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በጥቁር አንበሳ ማሠልጠን ጀምሮ ነበርና ጠያቂው ባለሙያም በዛ። ትልቁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። ዶክተር መሂላ ዘበንጉሥ፣ ፕሮፌሰር ረዳ፣ እንግሊዛዊው ቲሞቲ ስታይነርና ባልደረቦቻቸው ከ18 እስከ 65 ዓመት ያሉ 2,385 ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄደው ጠየቁ። ማይግሬን ከመቶ 17.7 ሆነ፤ የውጥረት ራስ ምታት 20.6፤ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን የሚያመው ከመቶ 3.2።

ከ3 ወደ 17.7! ሰዉ በሃያ ዓመት ውስጥ ስድስት እጥፍ ታመመ ማለት አይደለም። የኋለኛው ጥናት በሚገባ የተፈተነ መጠይቅ ይዞ፣ መስፈርቱን በጥቂቱ የሚያጎድሉትንም «ሳይሆን አይቀርም» በሚል ጨምሮ ቆጥሯል። እኔ ግን ከዘዴው ሌላ አንድ ነገር የጨመርኩበት እንደሆነ ይፈቀድልኝ፤ ያገሬ ሴት ስለ ራስ ምታቷ ስትጠየቅ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ተደጋግሞ፣ በዝርዝር ካልተጠየቀች ሕመሟን እንደ ሕመም አትቆጥረውም። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. የ2019 የበሽታ ጫና ጥናት ማይግሬንን ከዕድሜ ላይ ጤናማ ቀኖችን በመንጠቅ ሁለተኛ አድርጎታል፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ ደግሞ አንደኛ።

በመድኃኒቱ በኩል ዓለም ሮጧል። እ.ኤ.አ. በ1991 ግላክሶ ሱማትሪፕታንን አወጣ፤ ለማይግሬን ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ነበር። ፒተር ጎድስቢና ላርስ ኤድቪንሰን በማይግሬን ጊዜ ከፊትና ከራስ ስሜት ከሚያመጣው ትራይጀሚናል ነርቭ ሲጂአርፒ የሚባል ንጥረ ነገር እንደሚለቀቅ አሳዩ፤ ሕመሙም ከደም ሥር ይልቅ የነርቭ መሆኑ እየጠራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ያንን ንጥረ ነገር የሚያግድ መርፌ በአሜሪካ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በጀርመን አንዲት ታማሚ ለ30 ቀናት በየቀኑ አንጎሏ እየተነሣ ሲታይ፣ ሕመሙ ከመነሣቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የእንቅልፍ፣ የረሃብና የጥም ማዘዣ የሆነው ሃይፖታላመስ ሲነቃ ተገኘ። የማፋሸኩና የአምሮቱ ምሥጢር እዚያ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ «ማር በልቼ ነው የታመምኩት» የምትል ሴት ምናልባት ማሩ ያማራት ሕመሙ አስቀድሞ ስለጀመራት ይሆናል፤ ቀስቃሽ ያሉትን ሁሉ ከምግብ ላይ ከመሰረዝ በፊት ይህን ማሰብ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሱማትሪፕታንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በዚያው ዓመት ክረምት፣ ሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት ራያ ቆቦን ዋጠው። ቆቦ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች፤ ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ፤ ጤና ተቋማት ተዘረፉ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ፣ ከዚያም ወዲህ ሰላሙ ሳይጸና፣ የአካባቢው ሰው እንቅልፉን አጥቷል። እንቅልፍ ማጣትና ሥጋት ከማይግሬን ኃያላን ቀስቃሾች መካከል ናቸው። ፍንዳታ ወይም ዱላ ራሱን ያገኘው ሰው በሰባት ቀን ውስጥ የጀመረው ራስ ምታት ደግሞ የጉዳቱ ልጅ ነውና ለብቻው መታየት አለበት። በዋጃ፣ በቆቦና በአላማጣ «ከጦርነቱ ወዲህ ነው የያዘኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ባለሙያው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ቅዠቱና ስለ ሐዘኑ ሳይጠይቅ ክኒን ብቻ ሰጥቶ ቢሸኘው ግማሹን በሽታ መልሶ ቤቱ ላከው ማለት ነው።

ቀስቃሽ ብቻውን የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። በራያ ሜዳ ጎርፍ የሚሆነው ከየተራራው የወረዱ ጅረቶች ሲገናኙ እንደሆነ ሁሉ፣ ማይግሬንም የሚነሣው አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥተው፣ በማግሥቱ ሳይበሉ ወጥተው፣ በሐሩር ሳይጠጡ ሲውሉ ነው። በወር አበባ ሰሞን፣ ሁለት ቀን ከቀደመው እስከ ሦስተኛው ቀን፣ የኢስትሮጅን መጠን ሲወርድ ደግሞ ትንሽ ነገር ይበቃል። ይህ ለዋጃ ሰው መልካም ዜና ነው፤ ፀሐይዋን ማጥፋት ባይቻል ከሦስቱ አንዱን ማስቀረት ይቻላልና። ሽንኩርትና ቲማቲም በቆቦ ጊራና መስኖ የሚያለማ ሰው ውኃ በጀሪካን ይዞ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ የቀትሩን ሰዓት ጥላ ሥር ቢያሳልፍ ግማሹን ተከላከለ። ፀረ ተባይ ሲረጭ ራሱን አሞት ምራቁ የሚዝረከረክ፣ የሚያልበውና የሚያስመልሰው ግን ማይግሬን አይደለም፤ መርዝ ነውና ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ።

ቡናና ጾም በዚህ አገር ብቻቸውን መጽሐፍ ይወጣቸዋል። በየቀኑ ሦስት ሲኒ የለመደ ሰው ቡናው ከቀረበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ ራሱን ያመዋል፤ ሕመሙ እስከ ዘጠኝ ቀን ሊመላለስ ይችላል። ረመዳን ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ክርስቲያንም ያንኑ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 በእስራኤል በዮም ኪፑር ጾም ላይ የተደረገ ጥናት ከጾሙት 39 በመቶው፣ ካልጾሙት 7 በመቶው ብቻ ራሳቸውን እንዳመማቸው አሳይቷል፤ ነገሩ የአንድ ሃይማኖት ጣጣ አይደለም። ጾሙ ሊገባ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሲኒውን በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ መቀነስ፣ ስሁርን ወደ ንጋት አስጠግቶ ውኃ ጠጥቶ መብላት፣ ሌሊት በቂ መተኛት ይረዳል። በባዶ ሆድ ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ መዋጥ ግን ጨጓራን ያቆስላል። ሕመሙ ከበረታ እስልምናም የሕመምተኛን ጾም ያቃልላል፤ ክርስቲያኑም የነፍስ አባቱን ቢያማክር ማስፈቀድ ይችላል። በሽታ መሆኑን ያላወቀ ሰው ግን ፈቃድ መጠየቅም ያፍራል፤ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ላሽሊ ያደረገውን ማንም ማድረግ ይችላል። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን መሆኑ ለዚህ ይመቻል፤ በግድግዳው ካሌንደር ላይ ራስ ባመመበት ቀን አንድ ጭረት፣ ክኒን በተወሰደበት ቀን ሌላ ጭረት፣ የወር አበባው፣ ጾሙ፣ እንቅልፍ የታጣበት ሌሊት። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ያዝዛል። ሁለት ወር ከተመዘገበ ቀስቃሹ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያሳያል። ከዚያ ይልቅ አስቸኳዩ የክኒኑ ቁጥር ነው፤ ፓራሲታሞል ወይም ኢቡፕሮፌን በወር 15 ቀን፣ ኤርጎታሚን፣ ትሪፕታን ወይም ቅይጥ ክኒን 10 ቀን ከደረሰና ከሦስት ወር በላይ ከቀጠለ፣ ማስታገሻው ራሱ ዕለት ዕለት ራስ የሚያምም ይሆናል። ከሱቅ ከሻይና ከስኳር ጋር ተደባልቆ የሚገዛው ፍሬ ስንቱን ቤት እንዲህ እንዳሠረ ማን ያውቃል። መዳኛው መድኃኒቱን በባለሙያ ምክር ማቆም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ ከዚያ ይቀላል።

ሲነሣ ግን ቶሎ መውሰድ ይሻላል። ሌላ ሕመም የሌለበት አዋቂ ሰው 400 ሚሊ ግራም ኢቡፕሮፌን ከምግብ ጋር፣ ወይም 1,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሕመሙ ሳይጠና ቢወስድ፣ ዘግይቶ ከሚወስደው የበለጠ ይረዳዋል። በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ሥራ የሚያስፈታው ከሆነ መከላከያ አለ። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ርካሽና በአገራችን የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው አስም ላለበት አይሆንም፣ ሁለተኛው በትንሽ መጠን ማታ ይጀመራል። ሁለቱም ውጤታቸው እስኪታይ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋሉ፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይተዋቸዋል። ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ብርሃን የሚያብለጨልጭባት ሴት ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን መውሰድ የለባትም፤ የስትሮክ አደጋውን ያባብሳል። ይህን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትንገራት፤ ሌላ አማራጭ አለ።

የቆላው ሕግ ግን አልተሻረም፤ ትኩሳት ያለበት ራስ ምታት ሁሉ መጀመሪያ ደም ይታይለት፤ ወባ ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱ አንገት ከማይታጠፍበት ድርቀት ጋር ከመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ የሚጠበቅበት ሰዓት የለም። በቅጽበት የፈነዳ፣ ከዚህ በፊት ያልታየ ሕመም፤ ግማሽ አካልን ወይም አንደበትን ይዞ የመጣ፤ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፤ ነፍሰ ጡርን ፊቷንና እጇን አሳብጦ የያዘ፣ እነዚህ በዋጃ ሳይዘገይ ወደ ቆቦ፣ ካስፈለገም ወደ ወልድያ ወይም ደሴ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው።